የአፓላቺያ ከሰል አገር የድሮ ቶፖግራፊ ካርታዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹና የወር ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ቶፖግራፊ ካርታ ከሌላው ካርታ በምን ይለያል?

የመንገድ ካርታ ከየት ወደ የት እንደሚኬድ ያሳያል። ቶፖግራፊ ካርታ ደግሞ የመሬቱን ከፍና ዝቅ ይጨምራል። ይህን የሚያደርገው ኮንቱር በሚባሉ መስመሮች ነው፤ አንድ ኮንቱር ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛል። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከተደራረቡ ገደል ነው፣ ተራርቀው ከተዘረጉ ሜዳ ነው። ከዚህ ሌላ ወንዙ፣ ሐዲዱ፣ እያንዳንዱ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መቃብሩና የማዕድን ጉድጓዱ አፍ በየቦታው ተመልክተዋል።

በከሰል አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሰሉ የሚወጣበትን፣ ሐዲዱ የሚያልፍበትን፣ ሰው ቤት የሚሠራበትን ሁሉ የሚወስነው የተራራው ቅርጽ ነውና።

አፓላቺያ የሚባለው የትኛው አገር ነው?

በምሥራቅ አሜሪካ የአፓላቺያን ተራሮች የተዘረጉበት አገር ነው። ከሰሉ በብዛት የሚገኘው በፔንሲልቬንያ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በምሥራቅ ኬንታኪና በደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም፤ የዌስት ቨርጂኒያ ደቡባዊ ጫፍ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

እዚህ ምሳሌ የምወስደው በአብዛኛው ከዌስት ቨርጂኒያው ማክዳውል ካውንቲ ነው። ከአጠገቡ ካለችው የቨርጂኒያዋ ፖካሆንታስ ከተማ የመጀመሪያው ከሰል በኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ባቡር የተጫነው በ1883 ነበር። ከዚያ ሐዲዱ ተራራውን በስቶ ወደ ማክዳውል ገባ፤ ሰውም ተከተለ፦ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች፣ ጣሊያኖች፣ ሃንጋሪዎች፣ ፖላንዶች። በ1950 የካውንቲው ሕዝብ 98,887 ደርሶ ነበር። በ2020 ቆጠራ 19,111 ብቻ ቀርቷል። ከአምስት ሰው አራቱ የለም ማለት ነው። የነዚያ ሰዎች ቤት የት እንደነበረ ዛሬ መንገዱ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም፤ ካርታው ላይ ግን አለ። እኔን ወደነዚህ ካርታዎች የሳበኝም ይኸው ነው።

ማን ሠራቸው? መቼስ ተጀመረ?

የሠራቸው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ በአጭሩ ዩኤስጂኤስ፣ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የተቋቋመው በ1879 ሲሆን፣ አገሩን በሙሉ በአንድ ወጥ ዘዴ የመቀየሱን ሥራ የገፋው ሁለተኛው ዳይሬክተር ጆን ዌስሊ ፓውል ነበር። አሁን በእጃችን ካሉት ሉሆች የቀደሙት የ1884 ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ተሸክመው ሸንተረር ለሸንተረር ይወጡ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተወጥሮ፣ በመነጽር እያነጣጠሩ፣ ኮንቱሩን እዚያው ቆመው በእጃቸው ይስሉታል። በ1930ዎቹ የአየር ፎቶግራፍ መጣና ሥራው ተፋጠነ፤ በ1933 የተቋቋመው የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የፌዴራል ድርጅት ለዚህ ብዙ አግዟል። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የ1:24,000 ካርታ (ካርታው ላይ አንድ ኢንች መሬት ላይ 24,000 ኢንች ማለት ነው) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መደበኛ ሆነ፤ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር አገሩን ሸፍኖ ያለቀው በ1992 ነው።

ከየት አገኛቸዋለሁ? ይከፈልባቸዋል?

በነጻ ነው። ዩኤስጂኤስ ከ1884 እስከ 2006 ያሳተማቸውን ከ178,000 በላይ ሉሆች በስካነር አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። ቶፖቪው የሚባለውን ገጹን ይክፈቱ፣ ካርታው ላይ የሚፈልጉትን ከተማ ይጫኑ፤ እዚያ ቦታ ላይ የወጡት እትሞች ሁሉ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረው ይመጡልዎታል። ለማየት ብቻ ከሆነ ጄፔግ ይበቃል። ጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሥራ ፕሮግራም ሊሠሩበት ከሆነ ጂኦቲፍ የሚባለውን ፋይል ያውርዱ፤ ቦታው ላይ ራሱ ይቀመጣል።

የመንግሥት ሥራ ስለሆነ የቅጂ መብት የለበትም። ማተም፣ ማባዛት፣ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ።

የትኛውን መስፈርት ልምረጥ?

መስፈርት ካርታው መሬቱን ምን ያህል እንዳሳነሰ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ ምርጫው በሚፈልጉት ነገር ይወሰናል። የ1800ዎቹ መጨረሻ ሉሆች በአብዛኛው 1:125,000 ናቸው፤ ካርታው ላይ አንድ ኢንች መሬት ላይ ሁለት ማይል ገደማ ነው። በተራራማው አገር ኮንቱሮቹ በ100 ጫማ ልዩነት ስለሚሄዱ ትንንሽ ጉብታዎች አይታዩም። ቀጥሎ የመጣው 1:62,500 ነው፤ አንድ ኢንች ወደ አንድ ማይል። በ1:24,000 አንድ ኢንች 2,000 ጫማ ሲሆን፣ አንዱ ሉህ በዚያ አካባቢ 60 ስኩዌር ማይል ገደማ ይሸፍናል። አንዱን የ1:125,000 ሉህ ለመሸፈን አሥራ ስድስት የ1:24,000 ሉሆች ያስፈልጋሉ።

አንድን ሰፈር ቤት በቤት ለማየት 1:24,000 ይያዙ። ሐዲዱ ገና ሲገባ አገሩ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ግን የጥንቱን 1:125,000 የሚተካ የለም። የፖካሆንታስ አካባቢ በ1896 በጂኦሎጂስቱ በማሪየስ ካምቤል ተጠንቶ በጂኦሎጂ ጥራዝ የወጣው በዚሁ መስፈርት ነው፤ የከሰሉ ንብርብሮች በቀለም ተለይተው ከቶፖግራፊው ላይ ታትመዋል። በዚያ ዘመን በመዳብ ላይ ተቀርጾ የሚታተም ነበርና መስመሩ ሲያዩት ደስ ይላል።

አገር ቤት ጂኦግራፊ የተማሩና የ1:50,000 ካርታችንን የሚያውቁ ሰዎች አይቸገሩም፤ አነባበቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የኛ ከፍታ በሜትር መሆኑና የአሜሪካው በጫማ መሆኑ ነው። 1,000 ጫማ 305 ሜትር ያህል ነው።

ቀለሞቹና የማዕድን ምልክቶቹ ምን ማለት ናቸው?

ቡናማው ከፍታ፣ ሰማያዊው ውኃ፣ ጥቁሩ የሰው እጅ ሥራ፣ አረንጓዴው ደን፣ ቀዩ ዋና መንገድና የይዞታ መስመር ነው። በጣም የቆዩት ቡናማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ብቻ ናቸው። ስለዚህ አረንጓዴ ስላላዩ ብቻ ጫካ አልነበረም ብለው እንዳይደመድሙ።

ከማዕድን ምልክቶች አራቱን ቢያውቁ ይበቃዎታል። የተጣመሩ ሁለት ዶማዎች ከላይ የሚቆፈር ማዕድን ወይም የድንጋይ ካባ ናቸው። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነች ትንሽ ካሬ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ናት። የእንግሊዝኛውን ዋይ ፊደል የምትመስለው በተራራው ጎን አግድም የሚገባ ዋሻ አፍ ናት፤ የተፈጥሮ ዋሻም በዚችው ስለሚመለከት አጠገቧ የተጻፈውን ማየት ነው። ትንሿ የኤክስ ምልክት ደግሞ ከሰል ይኖር እንደሆነ ለመሞከር የተጫረ ቦታ ናት። አፓላቺያ ውስጥ በብዛት የሚያጋጥምዎ የዋሻው አፍ ነው፤ ከሰሉ በተራራው ጎን ብቅ ስለሚል ወደ ታች መቆፈር ሳያስፈልግ ቀጥ ብሎ ይገባበታልና።

ከኮንቱሩ ላይ የከሰሉን ንብርብር መከተል ይቻላል?

ይቻላል፤ ከእነዚህ ካርታዎች እኔ በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው። በደቡብ ዌስት ቨርጂኒያ ንብርብሮቹ ጥቂት ቢያዘነብሉም ጠፍጣፋ ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ አንዱን የዋሻ አፍ ያግኙና የተቀመጠበትን ኮንቱር ቁጥር ያንብቡ። በዚያው ከፍታ ሸንተረሩን ዞረው ቀጣዩን ሰርጥ፣ ማለትም በተራሮቹ መካከል ያለውን ጠባብ ሸለቆ፣ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሌላ የዋሻ አፍ እዚያው ከፍታ ላይ ይጠብቅዎታል፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በክር እንደተሰኩ ዶቃዎች ተራራውን ከበው ያገኟቸዋል። ያ ክር ከሰሉ ነው።

የኋለኞቹ እትሞች ላይ በዚያው ከፍታ ሌላ ነገር ያያሉ። በጥሩ ሥርዓት ይወርድ የነበረው ኮንቱር ድንገት ይሰፋል፣ ጠባብ መደብ ይሠራል፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ይህ መደብ ተራራውን እንደ መቀነት ዞሮት ከሆነ፣ ከሰሉን ከላይ በማሽን የገፈፉበት ቦታ ነው። ቀያሾቹ አንዳንዴ በነጠብጣብ ሞልተው «የተገፈፈ ማዕድን» የሚል ጽሑፍ ያስቀምጡበታል፤ ጽሑፉ ባይኖርም ግን ኮንቱሩ ራሱ ይናገራል።

የማዕድን ኩባንያ ሰፈር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በቤቶቹ አደራደር። ገበሬው በፈለገበት ይሠራል፤ ስለዚህ የገበሬ ቤት ካርታው ላይ እዚህም እዚያም ተበትኖ ይታያል። የኩባንያ ሰፈር ግን በአንድ ገመድ ተለክቶ ስለተሠራ ትንንሾቹ ጥቁር ካሬዎች እኩል ተራርቀው፣ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ፣ ከሐዲዱና ከወንዙ ጎን ተሰልፈው ይቆማሉ። የሰርጡ ወለል አንዳንድ ቦታ ሐዲዱን፣ ወንዙንና መንገዱን ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ቤቶቹ ከዚያ የተረፈችውን መሬት ነው የተከፋፈሏት። በላይ በኩል ሐዲዱ ድንገት ወደ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ከተከፈለ፣ ከሰሉ የሚበጠርበትና ባቡር ላይ የሚጫንበት ቦታ እዚያ ነበር።

ስሞቹም ይመሰክራሉ። ማክዳውል ውስጥ ጌሪ የምትባለው ከተማ የተሰየመችው በዩኤስ ስቲል ሊቀ መንበር በኤልበርት ጌሪ ነው፤ አጠገቧም ኤልበርት የምትባል ሰፈር አለች። ካሬታ የምትባለው ደግሞ የአንድ የማዕድን ባለሀብት ሚስት የነበሩት የኤታ ካርተር ስም ተገለባብጦ የወጣ ነው። የወንዝና የሰርጥ ስም ሌላ ነው፤ ከኩባንያው በፊት እዚያ ይኖር የነበረ ቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።

ካርታውን በኮምፒዩተር ላይ አጉልተው መስቀል ያለባትን ካሬ ይፈልጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ናት። ባንዲራ ያለባት ትምህርት ቤት ናት። ከቤቶቹ በላይ፣ ኮንቱሩ ጥቂት ላላ ባለበት የሸንተረር ጫፍ ላይ በተቆራረጠ መስመር የታጠረ ትንሽ አራት ማዕዘን ካገኙ መቃብር ነው። ሜዳው ለሕያዋኑም አልበቃም ነበርና ሙታኑ ወደ ላይ ወጡ።

አንድ ካርታ ላይ ሁለት ሦስት ዓመተ ምሕረት አለ። የትኛውን ልያዝ?

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከሉሁ ግርጌ ቀስ ብለው ያንብቡ። አንዱ ዓመት ቀያሹ መሬቱ ላይ የዋለበት ነው፤ ሌላው የአየር ፎቶግራፉ የተነሳበት፤ ሌላው ካርታው የወጣበት፤ ሌላው ደግሞ ሳይለወጥ እንደገና የታተመበት ነው። በ1912 የተቀየሰ ካርታ በ1940ዎቹ ታትሞ ሊሸጥ ይችላል። ሰውየው የ1940ዎቹን ሰፈር ያየ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን የ1912ቱን ነው። የሚይዙት ቅየሳው ወይም ፎቶግራፉ የተነሳበትን ዓመት ነው።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በወጡት እትሞች ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያያሉ። ያ ቀለም ከቀደመው እትም በኋላ የተለወጠውን ያሳያል፤ ለውጡ የተነበበው ከአየር ፎቶግራፍ ነው፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ያረጋገጠ የለም። ለከሰል አገር ተመራማሪ ወይን ጠጁ በረከት ነው። አዲስ የተገፈፈውን ተራራ፣ አዲሱን የእጣቢ ኩሬ (የከሰል እጣቢ ጭቃ የሚጠራቀምበትን)፣ አዲሱን መንገድ ከድሮው ለይቶ እዚያው አንድ ወረቀት ላይ ያስቀምጥልዎታል።

በአንዱ እትም የነበረ ሰፈር በሚቀጥለው የለም። ካርታው ተሳስቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልተሳሳተም፤ ሰፈሩ ፈርሷል። ቤቶቹ የኩባንያው ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ50ዎቹ ማሽን የሰውን እጅ ሲተካ ሠራተኛው ተቀነሰ፤ ቤቶቹ ወይ ለነዋሪው ተሸጡ ወይ እንጨታቸው ተነቅሎ ተወሰደ። ስለዚህ ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ከፍተው ካሬዎቹን ይቁጠሩ። ረድፉ ባዶ ሆኖ የሰፈሩ ስም ብቻ ተጽፎ ያገኙታል። ስም ከቤት ይቆያል።

መጠንቀቅ ያለብዎ አንድ ነገር አለ። በትልልቅ ከተሞች መሐል ካርታው እያንዳንዱን ቤት መሳሉን ይተውና ቦታውን በቀላል ቀይ ይቀባዋል፤ በመሐሉ የሚቀሩት ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና የመሳሰሉት ብቻ ናቸው። እዚያ ካሬዎቹ ስለጠፉ ቤቶቹ ጠፉ ማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ በሚያዝያ ወር የድሮ ሉህ አትሜ ወደ አንድ ሰርጥ ገብቼ ነበር። ካርታው በሁለት ረድፍ ሃያ ምናምን ቤት ያሳያል። ዓይኔ ያየው ጫካ ብቻ ነበር። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ዳፎዲል የሚሉት ቢጫ አበባ ከዛፎቹ ሥር በቀጥታ መስመር ፈክቶ አገኘሁ፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። እያንዳንዷ ሴት በበሯ ፊት የተከለችው ነው። በካሬዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ከካርታው ለክቼ በእርምጃ ስቆጥር ከአበባ እስከ አበባ ገጠመልኝ። ሦስት ደረጃ ያለው የድንጋይ መውጫም ነበረ፤ የሚያደርሰው ቤት የለም።

የእጣቢ ግድቦችና የከሰል ተረፈ ክምሮች ይታያሉ?

በአብዛኛው ይታያሉ፤ ካርታው በተሠራበት ዓመት ከነበሩ። ክምሩ በቡናማ ነጠብጣብ፣ ኩሬው በሰማያዊ ይመለከታል። ከሰል ሲታጠብ የሚቀረው ጥቁር ጭቃ የሚጣልበት ቦታ ስለሚያስፈልግ የሰርጡ አናት በክምር ይደፈንና ከኋላው ኩሬ ይሠራል። ካርታ ላይ ሲያዩት ትንሽ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነች። ቀጥለው ግን ዓይንዎን በሰርጡ ይዘው ወደ ታች ይውረዱና ጥቁሮቹን ካሬዎች ይቁጠሩ።

በዌስት ቨርጂኒያ ሎጋን ካውንቲ ያለውን የቡፋሎ ክሪክ ጅረት ሉሆች እንዲህ አድርጎ ማንበብ ልብ ይሰብራል። የካቲት 26 ቀን 1972 ጠዋት ሚድል ፎርክ በተባለው ገባር ላይ የፒትስተን ኩባንያ ቅርንጫፍ የከመረው ግድብ ተናደ። 132 ሚሊዮን ጋሎን ጥቁር ውኃ ከሳንደርስ ጀምሮ አሥራ ስድስት ሰፈሮችን እየጠረገ ወረደ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ኩባንያው የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። ካርታውን ያየ ሰው ግን ውኃው ሌላ መሄጃ እንዳልነበረው ያውቃል፤ በሁለቱም በኩል ኮንቱሩ ግድግዳ ነው፣ ወለሉ ላይ ያሉት ቤቶች ናቸው። ከጎርፉ በፊትና በኋላ የታተሙትን ሉሆች አንድ ላይ ይክፈቷቸው።

የዛሬው ተራራ ከድሮው ካርታ ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ተራራው ራሱ ስለተለወጠ ነው። በ1970ዎቹ የተስፋፋው አሠራር የተራራውን ጫፍ በፈንጂ ነቅሎ ከሥሩ ያለውን ከሰል ያነሳል፤ የተነሳው ድንጋይና አፈር አጠገብ ያለው ሰርጥ ውስጥ ይደፋል። በ1977 የወጣው የገጽ ማዕድን ቁጥጥርና መልሶ ማልሚያ ሕግ ቆፋሪው መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲያቀርበው ያዛል። ሕጉ ግን ለጫፍ ቆረጣ የተለየ በር ትቶለታል፦ ቦታው ከዚያ በኋላ ለሌላ ጥቅም ይውላል ከተባለ ጠፍጣፋ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በቀድሞው ሉህ ሹል ሸንተረር የነበረው ዛሬ ሜዳ ነው፤ ምንጭ ይፈልቅበት የነበረው ሰርጥ ተሞልቷል፤ ሰማያዊው መስመር መነሻው ጠፍቷል። የድሮው ካርታ ለሳይንቲስቶች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማዕድኑ በፊት የነበረውን ከፍታ ከዛሬው የሌዘር ልኬት ጋር አስተያይተው በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የተቆረጠው የማዕከላዊ አፓላቺያ መሬት ከቀድሞው 40 በመቶ ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ አግኝተውታል። ቀያሹ ጠረጴዛውን ተሸክሞ የወጣበት ጫፍ ዛሬ ቦታው አየር ነው።

ጂፒኤሴ ላይ ሳስገባው ቦታው ይስታል። ምን ላድርግ?

ምክንያቱ ዳተም ነው፤ ካርታው የተለካበት መነሻ። አብዛኛዎቹ የ20ኛው መቶ ዘመን ሉሆች የተሠሩት በ1927ቱ የሰሜን አሜሪካ ዳተም ነው። የዛሬው ጂፒኤስ የሚሠራው በሌላ ነው። ዩቲኤም በሚባለው፣ ቦታን በሜትር በሚያመለክተው ቁጥር ከሄዱ ስሕተቱ በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ 200 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ በጠባብ ሰርጥ ውስጥ ሌላ ተራራ ላይ ያወጣዎታል። መሣሪያው ላይ ዳተሙን ወደ 1927 ይለውጡት፣ ወይም ፕሮግራሙ እንዲያዛውረው ያድርጉ።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ከካርታው ብዙ አይጠብቁ። በ1947ቱ የትክክለኛነት መለኪያ መሠረት፣ በ1:24,000 ካርታ ላይ ከተፈተኑት ነጥቦች 90 በመቶዎቹ በ40 ጫማ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ቀሪው አሥር በመቶ ሊርቅ ይችላል። ከ1900 በፊት የተሠሩት ደግሞ ከዚህ መለኪያ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የወንዙ ጥምዝ ከቦታው ርቆ ቢያገኙት አይደነቁ። እነሱን ለማስተካከል የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልጉ፤ የሁለት ወንዞች መገናኛ ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ኤልክሆርን ክሪክ ከተግ ፎርክ የሚገናኝበት የዌልች ከተማ።

ለምንድን ነው አንዳንድ ስሞች እንዲህ የሚያሳፍሩት?

በድሮ ሉሆች ላይ ጥቁሮችን የሚሰድበው ቃል የሰርጥና የጅረት ስም ሆኖ ያጋጥምዎታል። ቀያሹ የሰፈሩ ሰው የሚጠራውን ይጽፍ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ እንዲያ ይጠራው ነበር። በ1890 የተቋቋመው የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድ በ1963 ያንን ቃል ከፌዴራል ካርታዎች በሙሉ አውጥቶ በሌላ ተካው። ስካኖቹ ግን ዋናውን ወረቀት እንዳለ ነው የሚያሳዩት።

እኔ እንዲህ መሆኑ ይሻላል እላለሁ። ስሙ በዚያ ሰርጥ ጥቁር ቤተሰቦች ይኖሩ እንደነበር የሚጠቁም ብቸኛው ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲጽፉ ስድቡን መድገም አያስፈልግም፤ ማን ይኖርበት እንደነበር መፈለግ ግን ያስፈልጋል።

ካርታው ልገዛው ካሰብኩት ቤት ሥር የተቆፈረ መሆኑን ያሳየኛል?

አያሳይም። ከሁሉ በላይ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ቶፖግራፊ ካርታ የዋሻውን አፍ ያሳያል፤ ዋሻው ከዚያ በኋላ ስንት ማይል ሄዶ በማን ቤት ሥር እንዳለፈ አያውቅም። አፉ ራሱ ባይመለከትም ማዕድን የለም ማለት አይደለም፤ ለቤት ማገዶ የተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ብዙዎቹ የትም አልተመዘገቡም።

የከርሰ ምድሩ ካርታ ሌላ ነው፤ ኩባንያዎቹ ለራሳቸው የሠሩት ነው። የፌዴራሉ ብሔራዊ የማዕድን ካርታ ማከማቻ ፒትስበርግ ውስጥ እነዚህን ይሰበስባል፤ ግዛቶቹም የየራሳቸው አላቸው። ያም ቢሆን የመጨረሻው እትም መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሐምሌ 24 ቀን 2002 በፔንሲልቬንያ ሶመርሴት ካውንቲ በኩዌክሪክ ማዕድን ሠራተኞች ሲቆፍሩ፣ ርቆ የሚገኝ በመሰላቸው የተተወ አሮጌ ማዕድን ግድግዳ ላይ ደረሱና ጥሰውት ገቡ። አሮጌው ማዕድን ውኃ ሞልቶት ነበር። በእጃቸው ያለው ካርታ የአሮጌውን የመጨረሻ ቁፋሮ አላካተተም ነበር። ዘጠኝ ሰዎች 240 ጫማ ያህል መሬት ሥር ከሦስት ቀን በላይ ታገቱ፤ ደግነቱ ዘጠኙም በሕይወት ወጡ። በኬንታኪ ማርቲን ካውንቲ ጥቅምት 11 ቀን 2000 ደግሞ የእጣቢ ኩሬ ከሥሩ ወደነበረ የተተወ ማዕድን ሰርጎ ከ300 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ጭቃ ወደ ወንዞቹ ወጣ። ቤት ሊገዙ ከሆነ የግዛቱን የማዕድን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ መሬት መስመጥን የሚሸፍን ኢንሹራንስም መኖሩን ይጠይቁ።

ካርታው ላይ ያየሁትን የዋሻ አፍ ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ሰፈሩን አዎን፤ ዋሻውን ፈጽሞ አይሞክሩት። የተተወ ማዕድን ውስጥ ኦክስጅን ያለቀበት አየር ይተኛል፤ ሽታ የለውም፤ ሰውየው ጥቂት እርምጃ ገብቶ ዝም ይላል፣ ሊያወጣው የገባውም እንዲሁ። ጣሪያውን የደገፈው እንጨት በስብሷል። ከአፉ ርቀው ይቁሙ፤ ልጆች ይዘው ከሄዱ እጃቸውን አይልቀቁ።

መሬቱ ደግሞ ባዶ ቢመስልም ባለቤት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ትልቅ የመሬት ኩባንያ። አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ወደ መቃብሩ የሚወጡ ከሆነ በዌስት ቨርጂኒያ ሕግ ዘመዶችና የዘር ሐረግ የሚያጠኑ ሰዎች በግል መሬት ውስጥ ወዳለ መቃብር የመግባት መብት አላቸው፤ ያም ሆኖ ለባለ መሬቱ መንገር ይገባል። የከርሰ ምድሩን ሥራ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ለጎብኚ የተዘጋጁ ሁለት ማዕድኖች አሉ፦ አንዱ በዌስት ቨርጂኒያ ቤክሊ ከተማ፣ ሌላው ያ የመጀመሪያው ከሰል በተጫነባት በቨርጂኒያዋ ፖካሆንታስ። ከመሄድዎ በፊት የሚከፈቱበትን ወር ያረጋግጡ፤ በብርዱ ወራት ይዘጋሉ።